የመደቡ ችግኝ ያልቃል፤ በወጣትነት የሚሳሳ ፀጉርና የንቅለ ተከላው ስሌት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ብርዷ ፀጉሩ ለሳሳ ሰው ውለታ ይውላል። ጠዋት ወደ ሥራ የሚወጣውም ማታ የሚመለሰውም የሹራብ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ ስለሚሄድ የማን ግንባር ወደ ኋላ እንደሸሸ፣ የማን አናት እንደተገለጠ በቀላሉ አይታወቅም። ጉዳዩ የሚገለጠው ወይ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ኮፍያ ሲወልቅ ነው፤ ወይ ደግሞ መኪናው ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድና ሙቀቱ ኮፍያውን ሲያስጥል ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የ24 ዓመት ወጣት ግን ኮፍያውን ያወለቀው ፀጉር ቤት ውስጥ ነበር። ከከተማዋ ፋብሪካዎች በአንዱ የሚሠራ ልጅ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን ከፍቶ አንድ ቪዲዮ ለአስተካካዩ አሳየ፤ ግንባሩ የተገለጠ ሰው በዓመቱ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አብቅሎ የሚታይበት፣ ከሥሩ የሆቴሉም የሕክምናውም ወጪ በአንድ ጥቅል ዋጋ የሰፈረበት የኢስታንቡል ማስታወቂያ ነው። «ጋሼ፣ እንዲህ ልሆን ነው» አለ። አስተካካዩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይተው ምንም አላሉም። ትንሿን መስታወት አንሥተው ከኋላው ያዙና ማጅራቱን አሳዩት። «ያንን የሚያመጡት እኮ ከዚህ ነው፤ ከዚህ ደግሞ ያን ያህል የለህም» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ተራ እየጠበቅን የነበርን ሰዎችም ሳቅን።

ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም፤ የጉዳዩ እምብርት ነው። ንቅለ ተከላ ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ለሚገባው ሰው፣ ሥራውን በሚያውቅ እጅ ሲደረግ ይሠራል። ከባዱ ጥያቄ፣ ፀጉሩ የት ድረስ እንደሚሸሽ ገና ያልታወቀ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት፣ ለዕድሜ ልኩ የተሰጠውን ውስን ክምችት አሁን ያውጣው ወይስ ያቆየው የሚለው ነው። በእኔ እምነት ያቆየው፤ ቢያንስ እስኪመረመርና በመድኃኒት እስኪሞከር ድረስ ያቆየው።

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ይህን ስሌት ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም። ዘሩን መጀመሪያ መደብ ላይ ያፈላል፤ ችግኙ ሲጠና ከመደቡ እየነቀለ በመስመር ወደ ማሳው ያዛውራል። የፀጉር ንቅለ ተከላም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው የኋላና የጎን ፀጉር መደቡ ነው፤ የተገለጠው ግንባርና አናት ማሳው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት መደቡን እንደገና ይዘራዋል፣ ከማጅራት የተነቀለ የፀጉር ሥር ግን በነበረበት ቦታ ተመልሶ አይበቅልም። ቀዶ ሕክምናው አንዲት አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፤ ያለችውን ከኋላ ወደ ፊት ያዛውራታል እንጂ።

ሕክምናው እንደ አዲስ ነገር ይወራለት እንጂ ዕድሜው ረዘም ያለ ነው። ሾጂ ኦኩዳ የተባለ ጃፓናዊ የቆዳ ሐኪም በቃጠሎና በጠባሳ ፀጉራቸውን ላጡ ሰዎች ፀጉር ያለው ቆዳ በትንሽ ክብ መብሻ እያነሣ ይተክል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1939 ጽፎ ነበር፤ ሆኖም የዓለም ጦርነት በመከተሉ ጽሑፉ ከጃፓን ውጭ ብዙ ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ በዘር ለሚመጣ ራሰ በራነት የመጀመሪያውን ተከላ አደረገ፤ ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1959 ያሳተመው ጽሑፍም ዛሬ ድረስ የሙያው ምሰሶ ሆኖ ቀርቷል። ግኝቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከኋላ የተነሣ ፀጉር የትም ቢተከል የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይኖራል። ግንባር ላይ ስለተተከለ ብቻ እንደ ግንባር ፀጉር አይረግፍም።

በዚያ ዘመን የሚተከለው ቆዳ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በላዩ ብዙ ፀጉር የተሸከመ ጉብታ ስለነበር ውጤቱ እንደ አሻንጉሊት ፀጉር እፍኝ እፍኝ ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ፀጉር በተፈጥሮው ከአንድ እስከ አራት እየሆነ በትንንሽ ቡድን እንደሚበቅል ልብ ተብሎ፣ ተከላውም በዚያው በተፈጥሮው ቡድን እንዲሆን ተደረገ። ይህች ቡድን በሙያው ቋንቋ ግራፍት ትባላለች። አወጣጧ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ከማጅራት በላይ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ቆርጦ፣ ቦታውን ሰፍቶ፣ ቁራጩን በማጉያ መነጽር ሥር መሸንሸን ሲሆን የመስመር ጠባሳ ይተዋል። ሁለተኛውና ዛሬ የተስፋፋው ደግሞ በማደንዘዣ መርፌ ቦታውን አደንዝዞ፣ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር በማይሞላ መብሻ እያንዳንዷን ግራፍት ለብቻዋ ነቅሎ ማውጣት ነው። ሁለት ሺህና ሦስት ሺህ ጊዜ መንቀል፣ ያንኑ ያህል መብሳት፣ ያንኑ ያህል መትከል ማለት ስለሆነ ሥራው ሙሉ ቀን ይወስዳል።

ማስታወቂያው የማያሳየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቅርፊቱ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። ከዚያም የተተከለው ፀጉር፣ ሥሩ ቆዳው ውስጥ ቀርቶ፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ወር ድረስ ይረግፋል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው ገንዘቤን ተበላሁ ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ጊዜ ነው። አዲሱ ፀጉር ብቅ ማለት የሚጀምረው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወር በኋላ ሲሆን ውጤቱን ለመፍረድ አንድ ዓመት መሙላት አለበት።

ግንባር ሲሸሽ የሚሆነው

በወንዶች ላይ በብዛት የሚታየው የፀጉር መሳሳት ከዘር የሚመጣ ነው። ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ዲኤችቲ ወደሚባል የበረታ ሆርሞን ይለወጣል፤ በዘራቸው ለዚህ ሆርሞን ስስ የሆኑ የግንባርና የአናት የፀጉር ሥሮች በየዙሩ እየቀጨጩ ይሄዳሉ። አንድ ፀጉር ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት አድጎ፣ ለጥቂት ወራት አርፎ፣ ወድቆ እንደገና የመብቀል ዑደት አለው። የቀጨጨ ሥር የማደጊያው ጊዜ እያጠረ፣ የሚያበቅለው ፀጉርም እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ በዓይን የማይታይ ለስላሳ ጉም ብቻ ይቀራል። ትራስ ላይ የሚቀረው ፀጉር ብዛት ሳይሆን የሚተካው ፀጉር መቅጠኑ ነው የበሽታው ምልክት፤ ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል።

ኮፍያ ያመጣዋል የሚለው በእኛ አካባቢ የተለመደ ክስ መሠረት የለውም፤ የፀጉር ሥር የሚመገበው ከደም እንጂ ከአየር ባለመሆኑ ኮፍያ አያፍነውም። ያማ ቢሆን በክረምት ከኮፍያ የማይለየው የመንዝ ሰው ሁሉ መላጣ በሆነ ነበር። «የእናትህን አባት እይ» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ አንድ ዋና ዘረ መል በእናት በኩል በሚመጣው ክሮሞዞም ላይ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሌሎች ብዙ ዘረ መሎች ከአባትም ከእናትም ስለሚወረሱ አባትንም አጎቶችንም ማየት ይገባል።

ሐኪሞች የመሳሳቱን ደረጃ የሚለኩት ጄምስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣውና ኦታር ኖርዉድ በ1975 ባሻሻለው ባለ ሰባት ደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የጎልማሳነት ግንባር ነው፤ የሚያሳስብ ነገር የለውም። ሦስተኛው ላይ የግንባሩ ሁለት ማዕዘኖች በግልጽ ወደ ኋላ ይገባሉ። ሰባተኛው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ከኋላ የሚዞር መቀነት ብቻ ይቀራል። የእኛ ወጣት ሦስተኛው ላይ ነበር። ሦስተኛው ላይ የሚቆም አለ፤ በ40 ዓመቱ ሰባተኛው ላይ የሚደርስም አለ። በ24 ዓመት የትኛው እንደሚሆን በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም ግን የለም፤ የሚያመለክተው ነገር ቢኖር ቶሎ የጀመረ መሳሳት ሩቅ የመሄድ ዝንባሌ ያለው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መደቡ እንመለስ። ከአንድ ሰው ማጅራትና ጎን፣ ቦታው ራሱ ሳይገለጥ፣ በዕድሜ ልክ ሊነሣ የሚችለው ግራፍት እንደ ሰውየው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ4000 እስከ 8000 ባለው መካከል ነው። መሃሉን ወስደን 6000 እንበል። የግንባሩን መስመር ወደ ፊት ለማምጣት 2500 ቢወጣ 3500 ይቀራል። ልጁ 40 ዓመት ሲሆነው የተተከለው መስመር ባለበት ይቆማል፤ ከበስተኋላው የነበረው የራሱ ፀጉር ግን መሸሹን አያቆምም። ፊት ለፊት የቆመ አጥር፣ ከኋላው ባዶ ግቢ ማለት ነው። ሰፊ ራሰ በራነት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 35 ግራፍት ብቻ ቢታሰብ 7000 ይፈልጋል። በእጁ ያለው 3500 ነው። ግማሹን ብቻ ይሸፍናል፤ የተረፈውን ግማሽ የሚሸፍን ችግኝ ከየትም አይመጣም፤ የሌላ ሰው ፀጉር ሰውነት ስለማይቀበለው ከወንድም መበደርም አይቻልም።

በዚህ ላይ ወጣቱ የሚፈልገው መስመር የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የነበረውን ነው። ጠንቃቃ ሐኪም አዲሱን መስመር ከቅንድቦቹ መካከል ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ማዕዘኖቹንም ጥቂት ገባ አድርጎ ያሰምረዋል፤ በ50 ዓመቱም ፊቱ ላይ የማያስቅ እንዲሆን። ገንዘብ ብቻ የሚያይ ደግሞ ደንበኛው ባለው ቦታ ላይ ያሰምርለታል። ዝቅ ያለ መስመር በየሚሊ ሜትሩ ብዙ ግራፍት ይበላል፤ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላም ወደ ላይ መመለሱ ራሱን የቻለ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። መደቡ ራሱ የሚሳሳባቸው ሰዎችም አሉ። ጥቂት ወንዶች ላይ መሳሳቱ የኋላውን ፀጉር ጭምር ስለሚይዝ ከዚያ የተነሣው ሁሉ ከተተከለ በኋላ ይቀጥናል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ሐኪሙ የማጅራቱን ፀጉር በማጉያ ማየት አለበት፤ አስተካካዩ በመስታወት ያዩትም ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ከርዳዳ ፀጉር

በኢስታንቡል ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ሉጫ ነው። የእኛ ሰው ፀጉር ከዞማው እስከ ከርዳዳው ድረስ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከርዳዳ ፀጉር ደግሞ ከቆዳ በላይ ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታችም ይጠመዘዛል። ቀጥ ያለ መብሻ ቀጥ ያለ ሥርን ከብቦ ያወጣል፤ የታጠፈ ሥር ላይ ሲያርፍ ግን መሃሉን ይበጥሰዋል። የተበጠሰ ሥር ከመደቡም ጠፋ፣ ማሳውም ላይ አልበቀለም። ስለዚህ በከርዳዳ ፀጉር ላይ የሠራ ልምድ ያለው፣ የመብሻውን ስፋትና ጥልቀት እያስተካከለ የሚሄድ፣ አስቀድሞ ጥቂት ግራፍቶችን ነቅሎ ስንቱ እንደተበጠሰ የሚቆጥር ባለሙያ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ከርዳዳ ፀጉር አንድ በረከት አለው፤ ተጠቅልሎ ስለሚቆም አንዷ ፀጉር የምትሸፍነው ቦታ ሰፋ ያለ ነው፤ በመሆኑም በጥቂት ግራፍት የተሻለ ሽፋን ይገኛል።

ሌላው ጠባሳ ነው። ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጠውን ኬሎይድ የማውጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ጆሮዋን ተበስታ ጉብታ የወጣባት እህት፣ ክትባት የተወጋበት ክንዱ ላይ ያበጠ ጠባሳ ያለበት ወንድም ካለ ይህ ለሐኪሙ መነገር ያለበት የመጀመሪያው ነገር ነው። ፀጉራቸውን ከሥሩ የሚላጩ ወንዶች ማጅራታቸው ላይ የሚወጡባቸው ጠጣር እብጠቶችም የቆዳ በሽታ ናቸው፤ ችግኙ የሚነሣበት መደብ ላይ ስለሚወጡ ቸል ሊባሉ አይገባም። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ሙሉው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ግራፍት ብቻ ነቅሎና ተክሎ ወራትን ጠብቆ ማየት የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

የሚረግፍ ፀጉር ሁሉ የዘር አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሳንቲም ቅርጽ ድንገት ልስልስ ብሎ የሚገለጠው ላሽ፣ ሰውነት የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ በመርፌ ወይም በቅባት ይታከማል፣ አንዳንዴም በራሱ ይመለሳል፤ እየነቃ የሚመላለስ በሽታ ላይ ፀጉር መትከል ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። በልጆች ራስ ላይ ቅርፊት እየሠራ የሚዛመተው ጭርት ፈንገስ በመሆኑ በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም። ከባድ ትኩሳት ወይም ቀዶ ሕክምና ያለፈበት ሰው፣ የወለደች እናት፣ በችግር ብዙ የከሳ ሰው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉሩ በእፍኝ ሊረግፍ ይችላል። ይህ የሚያስደነግጥ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሲወገድ በወራት ውስጥ ይመለሳል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ፀጉር ያሳሳሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ።

በሴቶች ደግሞ ገመዱ ጠበቅ ተደርጎ የሚሠራ ሹሩባና ከባድ ዊግ የግንባርንና የጆሮ ግንድ አካባቢን ፀጉር ከሥሩ እየጎተተ ይነቅለዋል። ሹሩባ ተሠርታ ለሁለት ቀን ራሷን እያመማት በማስታገሻ የምታድር ሴት ያንን ሕመም እንደ ቁንጅና ዋጋ ልትቆጥረው አይገባም፤ የፀጉሩ ሥር የሚያሰማው ጩኸት ነው። ቶሎ ከላላ ይመለሳል፤ ዓመታት ካለፉትና ቆዳው ጠባሳ ከሠራ ግን አይመለስም። የሹሩባ ጉዳት መጎተቱ ከቆመና ቦታው ከረጋ በኋላ ንቅለ ተከላ በሚገባ ሊያገለግልበት የሚችል መሆኑን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ወደ ቆዳ ሐኪም መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ የምትርቀው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ደግሞ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥቶ በቆዳ ሕክምናና በቆዳ ሐኪሞች ሥልጠና የታወቀ ተቋም ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ይህን መንገድ ዘለው በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈ የብልቃጥ ቅባት ለወራት የሚቀቡ ሰዎች አሉ። የጥቁር አዝሙድም ሆነ የጉሎ ዘይት የደረቀ ፀጉርን ያለሰልሳል፤ ሆርሞን ያቀጨጨውን ሥር ግን አይመልስም። የሚያስፈራው ዘይቱ ሳይሆን ስሙ ያልተጻፈው ነው።

በማስረጃ ከተደገፉት መድኃኒቶች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲበዛባቸው ታይቶ በቅባት መልክ ለራሰ በራነት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቀደ። ለወራት በየቀኑ መቀባት ይጠይቃል፤ ሲጀመር ፀጉር ሊያረግፍ ይችላል፤ ሲቆም ደግሞ ያተረፈው ሁሉ በወራት ውስጥ ይሄዳል። ፊናስተራይድ የሚዋጥ ሲሆን ዲኤችቲን በደም ውስጥ በ70 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በ1 ሚሊ ግራም መጠን ለወንዶች ራሰ በራነት የተፈቀደው በ1997 ነው። ከ18 እስከ 41 ዓመት ባሉ 1553 ወንዶች ላይ ተደርጎ በ1998 በታተመው ጥናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ፊናስተራይድ ከወሰዱት 83 በመቶው የፀጉራቸው ቁጥር አልቀነሰም፤ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 28 በመቶው ብቻ ነበሩ እንደዚያ የቆዩት። አንድን የ24 ዓመት ወጣት የሚመለከተው ይህ ቁጥር ነው፤ መደቡን ሳይነካ ማሳውን ማቆየት ይቻላል ማለት ነውና።

ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎትንና ብቃትን ይቀንሳል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2025 አረጋግጧል። ድብርት ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ሊጀምረው አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የተሰበረውን ክኒን በእጇም መንካት የለባትም፤ ወንድ ጽንስን ሊጎዳ ይችላልና። ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በቱርክ የሚጠየቀው ጥቅል ዋጋ ብዙ ጊዜ ከ2000 እስከ 4000 ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 2500 ዶላር 142,500 ብር ያህል ነበር፤ ዶላሩ በ130 ብር ቢታሰብ ያው ሕክምና 325,000 ብር ይሆናል፣ የአውሮፕላኑ ሳይጨመር። በፋብሪካ ደመወዝ ለሚኖር ልጅ ይህ የዓመታት ቁጠባ ወይም የወላጅ በሬና በግ ማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ማስተካከያ ቢያስፈልግ የሚመለስበት ገንዘብ አይኖርም። ርካሹ ዋጋ የሚገኝበት መንገድም መታወቅ አለበት፤ ሐኪሙ መስመሩን ብቻ አስምሮ ሲወጣ፣ መንቀሉንም መብሳቱንም ፈቃድ የሌላቸው ረዳቶች በቀን ብዙ ሰው ላይ ይሠሩታል። ዓለም አቀፉ የፀጉር ተከላ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ዘመቻ የከፈተበት ጉዳይ ነው። የሚሠራው ሐኪም ማነው፣ መብሻውን የሚይዘው የማን እጅ ነው፣ በዚያ ቀን ስንት ሰው ይሠራል ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ በዋትስአፕ የሚያወራው ሰው እነዚህን ካድበሰበሰ መልሱ ተገኝቷል።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ሳምንትም የራሱ ጣጣ አለው። የተተከለው ፀጉር እስኪይዝ ድረስ ጠባብ ኮፍያ አይደረግም፤ በእኛ ብርድ ላይ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። የደጋ ፀሐይ ብርዱ እያዘናጋ ቆዳን ያቃጥላልና አዲስ ቁስልን ከእርሷ መከለል ያስፈልጋል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ለመጠመቅ ያሰበ ሰው ውሃ በኃይል ራሱ ላይ ከመውረዱ በፊት ቅርፊቱ እስኪወድቅ ቢቆይ መልካም ነው። መግል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣ ኢስታንቡል ላለው ሰው ፎቶ ልኮ መልስ መጠበቅ ሳይሆን በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከመሄድ በፊትም የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሄፓታይተስና የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲሁም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ አለመውሰድ መታወቅ ይኖርበታል።

ንቅለ ተከላን የማጣጥል አይምሰል። ዕድሜው ሠላሳን ያለፈ፣ መሳሳቱ በመድኃኒት ወይም በራሱ የረጋ፣ መደቡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከፍ ያለ መስመር የሚበቃው ሰው ቢያደርገው የሚያገኘው ለውጥ እውነተኛና ዘላቂ ነው። በልጅነቱ እሳት ላይ ወድቆ ግማሽ ራሱ ጠባሳ ለሆነበት ሰው ደግሞ ነገሩ ከውበት በላይ ነው። ኦኩዳ የጀመረውም እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ነበር። ራሰ በራነት የሀብት ምልክት ነው እያሉ የሚያጽናኑ ሽማግሌዎችን አከብራለሁ፤ የ24 ዓመት ልጅ ግን እጮኛ በሚፈልግበት ዕድሜ ሀብት ሳይኖረው ምልክቱን ብቻ ተሸክሞ መዞሩ እንደሚከብደው ደግሞ መካድ አይቻልም።

ልጁን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አዲስ አበባ ሄዶ በቆዳ ሐኪም ታይቷል፤ የደም ምርመራው ጤነኛ ነው፤ ደረጃው ሦስተኛ መሆኑ፣ የማጅራቱ ፀጉር መካከለኛ መሆኑ ተነግሮታል። ሐኪሟ መድኃኒቱን ከነጉዳቱ አስረድታ ጀምራለታለች፤ ለተከላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቆይ ነግራዋለች። በየሦስት ወሩ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት፣ ፀጉሩን በእኩል ርዝመት ተቆርጦ ራሱን ከፊትም ከአናትም ከኋላም ፎቶ እያነሣ እንዲያስቀምጥም አዝዛዋለች። ያ መስኮት የፀጉር ቤቱ መስኮት ሆኗል። ጋሼ ማሽኑን አጥፍተው፣ መጋረጃውን ገልጠው «ቀና በል» ይሉታል፤ ሦስተኛው ፎቶ በጥር ይነሣል።